ካሜራና ስሙ
ፎቶግራፍ አንሺዎች ለመሣሪያቸው ምልክት ስለሚያሳዩት ታማኝነት

ሰው በእጁ የሚሠራበትን መሣሪያ መውደዱ ከጥንት የቆየ ጠባይ ነው። ቁም ጸሐፊ ያለመዳትን የመቃ ብዕር ለሌላ ማዋስ አይወድም፤ አናጢ መጥረቢያውን፣ ሸማኔ መወርወሪያውን ከእጁ ጋራ ካስማማ በኋላ "ከዚህ የተሻለ መጥቷል" ቢሉት ቶሎ እሺ አይልም። እጁና መሣሪያው ብዙ ዘመን ተዋውቀዋልና። እንዲህ ያለው ፍቅር በድካምና በሥራ የተገኘ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም።

በዘመናችን ግን ይህን የቆየ ፍቅር የሚመስል፣ ነገር ግን ፈጽሞ እርሱ ያልሆነ ሌላ ፍቅር ተነሥቷል፤ ይኸውም መሣሪያውን ስለ ሥራው ሳይሆን በላዩ ስለ ተጻፈው ስም መውደድ ነው። ይህን ጠባይ እንደ ፎቶግራፍ አንሺዎች ገልጦ የሚያሳይ የሙያ ወገን ጥቂት ነው። ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች በአንድ ሰርግ ቤት ሲገናኙ፣ እያንዳንዱ አስቀድሞ በባልንጀራው አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ማሰሪያ ይመለከትና "ይህ የካነን ወገን ነው፤ ያ የኒኮን ወገን ነው" ሲል በልቡ ይለያል። ክርክር ከተነሣም ነገሩ በቀላሉ አይበርድም። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" እንደሚባለው፣ የካሜራው መነቀፍ የባለቤቱ መነቀፍ ሆኖ ይቆጠራል።

ነገሩ የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባልተነጋገርንበት ነበር። ዳሩ ግን በፎቶግራፍ ሙያ እንጀራውን ሊያገኝ የሚያስብ ወጣት ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን "ካሜራ ግዙልኝ" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ወጣቱም ካሜራ ብቻ ሳይሆን የካሜራውን ስም ጭምር ጠርቶ ይጠይቃል። አባትና እናት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በዚያ ስም ላይ ከማፍሰሳቸው በፊት፣ የስሙ ክብር ከወዴት እንደ መጣ፣ እውነተኛው ምን ያህል፣ ጌጡም ምን ያህል እንደ ሆነ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትርጕም የሌለው ስም

ስለ ካሜራ ስም ሲነገር መጀመሪያ የሚነሣው ኮዳክ ነው። የአሜሪካው ተወላጅ ሚስተር ጆርጅ ኢስትማን በ1888 አንድ ትንሽ ሣጥን የሚመስል ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስሙን ከየትኛውም ቋንቋ አልተዋሰውም። "ኮዳክ" የሚለው ቃል ትርጕም የለውም፤ ሚስተር ኢስትማን አጭር፣ ለአፍ የሚመች፣ ከሌላ ከምንም ነገር ጋራ የማይመሳሰል ቃል ፈልጎ ራሱ የፈጠረው ነው። "ኬ" የተባለውንም ፊደል ብርቱ ድምፅ ስላለው ይወደው ነበርና በቃሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አኖረው።

ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት የመስታወት ሰሌዳ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የጨለማ ክፍል የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ነበር። የኮዳክ ካሜራ ግን 100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም ተጐርሶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ፊልሙን በጨረሰ ጊዜ ካሜራውን እንዳለ ሮቸስተር ወደሚባለው ከተማ ይልከዋል፤ ፋብሪካውም 10 ዶላር ተቀብሎ ሥዕሎቹን ያጥብና አዲስ ፊልም አጉርሶ ይመልስለታል። የኩባንያውም መፈክር "እናንተ ቁልፉን ተጫኑ፤ የቀረውን እኛ እንሠራለን" የሚል ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ሲወጣ፣ ልጆች ሳይቀሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ።

ሚስተር ኢስትማን ያስተዋለው ነገር ቢኖር፣ ሰው ካሜራ የሚገዛው ብረቱንና መስታወቱን ወድዶ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የኮዳክ ማስታወቂያዎች ስለ መሣሪያው አሠራር ብዙ አያወሩም ነበር፤ የሚያሳዩት የልጅን የልደት ቀን፣ የቤተሰብን መንገድ፣ የእናትን ደስታ ነው። ቀስ በቀስ የቤተሰብ ትዝታና የኮዳክ ስም በሰው ልብ ውስጥ አንድ ላይ ታሰሩ። ትርጕም ያልነበረው ቃል ትርጕም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ የካሜራ ነጋዴዎች ሁሉ ይህን ትምህርት ተከትለዋል።

በሥራ የተገኘ ክብር

ሆኖም የስም ክብር ሁሉ በማስታወቂያ የተሠራ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእሳት ተፈትኖ የተገኘ ክብርም አለ።

በጀርመን አገር፣ ቬትስላር በምትባል ከተማ፣ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ኦስካር ባርናክ የሚባል ሠራተኛ ነበረ። ይህ ሰው የአስም በሽተኛ ስለ ነበረ የዚያን ዘመን ከባድ ካሜራና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ተሸክሞ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ለሲኒማ በሚያገለግለው ፊልም ላይ ትንሽ ሥዕል የምታነሣ፣ በኮት ኪስ የምትገባ ካሜራ በ1914 አካባቢ ሠራ። ጦርነት ጣልቃ ገብቶ ቆይታ፣ በ1925 በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ "ላይካ" ተባለች፤ ይኸውም ላይትስ ከሚለው ስምና ካሜራ ከሚለው ቃል የተገጣጠመ ነው። ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ አንሺ ሰዎችን አቁሞና አስተካክሎ ከማንሣት ይልቅ በመንገድ፣ በገበያና በጦር ሜዳ ሕይወትን እየተከተለ ማንሣት ቻለ።

የላይካን ስም ከሁሉ ይበልጥ ያስከበረው ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርትዬ ብሬሶን ነው። ካሜራይቱን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገዝቶ ረጅም ዘመን አብራው ኖራለች። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ሰው በካሜራው ላይ የሚያብረቀርቀውን ብረት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍነው እንደ ነበረ ነው። የሚፈልገው ሰው ሳያውቅበት ማንሣት ነበርና መሣሪያው እንዲታይለት አልወደደም። ዛሬ ብዙ ሰው እንዲታይለት የሚሻውን መሣሪያ፣ ዝናውን የሠራለት ሰው ራሱ ሸፍኖት ይሄድ ነበር።

የዚህ ፋብሪካ ባለቤት የኤርንስት ላይትስ ሁለተኛው ታሪክም ሊዘነጋ አይገባም። ናዚዎች በነገሡበት ዘመን በስደት ላይ ለነበሩ አይሁድ ሠራተኞቹና ለሌሎችም በውጭ አገር ሥራ እየፈለገ ከጀርመን እንዲወጡ ረዳቸው። ልጁ ኤልሲም አይሁድን በመርዳቷ ታስራለች። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው እንደ ሌሎቹ የጀርመን ፋብሪካዎች በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችን ማሠራቱ ከዚሁ ጋራ መነገር ያለበት እውነት ነው። ቤተሰቡ ግን ያደረገውን በጎ ሥራ ለብዙ ዘመን ለንግዱ ማስታወቂያ ሳያደርገው ዝም ብሎ ኖረ።

የኒኮንም ክብር የመጣው በተመሳሳይ ፈተና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ "በጃፓን የተሠራ" የሚለው ጽሑፍ በአሜሪካና በአውሮፓ የርካሽ ዕቃ ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር። በ1950 ዴቪድ ዳግላስ ዳንከን የተባለ የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ በቶኪዮ ሳለ፣ ጁን ሚኪ የሚባል ጃፓናዊ ባልንጀራው ኒኮር በተባለ የአገሩ ሌንስ ፎቶግራፍ አነሣው። ዳንከን የታጠበውን ሥዕል ሲመለከት በጥራቱ ተደነቀ። በስሙም ሆነ በወሬው ሳይታለል ወደ ፋብሪካው ሄዶ ሌንሶቹን ከራሱ የጀርመን ሌንሶች ጋራ አስተያየ፤ ከዚያም የጃፓኖቹን ሌንሶች መርጦ በላይካ ካሜራው ላይ ገጠመ። በዚያው ዓመት ጦርነቱ በተነሣበት በኮርያ፣ ኋላም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በተዋጉበት ምድር፣ ያን መሣሪያ ይዞ ዘመተ። ኒው ዮርክ ታይምስ በታኅሣሥ ወር 1950 ስለ ጃፓን ካሜራና ሌንስ ከጻፈ በኋላ የዓለም ባለሙያዎች ዓይን ወደ ቶኪዮ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ኒኮንን ያስከበረው ሰው ለቀደመው ምልክት ታማኝ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ለኒኮን ታማኝ የሚሆን ሰው ባልተገኘም ነበር። ክብሩ የተወለደው ዓይኑ ካየው እውነት እንጂ ከስም ፍቅር አልነበረም።

እንግሊዛዊው የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ዶን ማክከሊን ደግሞ በካምቦዲያ የተተኰሰበትን ጥይት በእጁ የያዘው ኒኮን ኤፍ ካሜራ ተቀብሎ ሕይወቱ ተርፋለች። ሕይወቱን ላተረፈ መሣሪያ ዕድሜ ልኩን ታማኝ ይሁን ቢባል ማን ይቃወማል? ሆኖም ይኸው ሰው በ2012፣ በሽምግልናው ዘመን፣ ዲጂታል ፎቶግራፍን ሲሞክር በእጁ የያዘው የካነን ካሜራ ነበር። ላዳነው ካሜራ ያለው ምስጋና ሌላ ነው፤ ለዛሬው ሥራ የሚሆነውን መምረጥ ሌላ ነው።

ሌንስ የሚያስረው ገመድ

ለምልክት ታማኝ መሆን ሁልጊዜ የፍቅር ውጤት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የገንዘብ ጕዳይ ነው። ካሜራ እንደ ሬዲዮ ብቻውን ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ባለሙያው ለቅርብ፣ ለሩቅና ለጨለማ ቦታ የሚሆኑ ሌንሶችን በየጊዜው ይገዛል፤ ዋጋቸውም ሲደመር ከካሜራው ይበልጣል። የአንዱ ፋብሪካ ሌንስ ደግሞ ማገናኛ ካልተጨመረለት በሌላው ካሜራ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ምልክት ልለውጥ የሚል ሰው ቤቱን አፍርሶ እንደሚሠራ ሰው ሁሉንም እንደ ገና መጀመር አለበት።

በዚህ ላይ የጣት ልማድ ይጨመራል። የኒኮን ሌንስ ወደ ካሜራው የሚታሰረው በአንድ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ሲሆን የካነን ሌንስ የሚታሰረው በተቃራኒው ነው፤ ፎከስ የሚደረግበትም ቀለበት እንዲሁ በተቃራኒ ይዞራል። በሰርግ ላይ ሙሽራዪቱ ቀለበት የምታደርግበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ናት፤ በዚያች ቅጽበት ጣቱ ወደማያውቀው አቅጣጫ የዞረበት ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን አጣው ማለት ነው። "ኒኮኔን አልለውጥም" የሚለው ሰው ሁሉ በከንቱ የሚኮራ አይምሰለን፤ አንዳንዱ እጁን የሚያከብር ነው።

ፋብሪካዎቹም ይህን ገመድ በሚገባ ያውቁታል። ኒኮን በ1959 ኒኮን ኤፍ የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የተጠቀመበትን የሌንስ ማሰሪያ ቀለበት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጠበቀው። አንዳንዶቹ የቆዩ ሌንሶች በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ሙሉ አገልግሎት ባይሰጡም፣ አባት የገዛው ሌንስ ለልጅ ይደርሳል የሚለው እምነት ለኒኮን ትልቅ የዝና ምንጭ ሆነ።

ካነን ግን በ1987 ሌላ መንገድ መረጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኖልታ የተባለው ኩባንያ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ አውጥቶ ገበያውን አናውጦት ነበርና፣ ካነን የቀድሞውን ማሰሪያ ጨርሶ ትቶ ኢኤፍ የተባለ አዲስ ማሰሪያ ሠራ። በየሌንሱም ውስጥ ሞተር አኖረ። ኤፍዲ የተባሉትን የቀድሞ ሌንሶች ለዓመታት ሲያጠራቅሙ የኖሩ ደንበኞች በአንድ ቀን ተጣልን ብለው አዘኑ፤ ተቈጡም። ዳሩ ግን ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ መሆኑ የሚሮጥን ሰው ፈጥኖ ለመያዝ ስለ ረዳ፣ በ1990ዎቹ ከስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙዎቹ ከኒኮን ወደ ካነን አለፉ። የካነን ታላላቅ ሌንሶች ነጭ ቀለም የተቀቡት የፀሓይ ሙቀት በውስጣቸው ያለውን መስታወት እንዳይጎዳው ነው፤ ነገር ግን ነጩ ቀለም በስታዲየሙ ዳር ተሰልፎ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ሳይከፈልበት የሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ።

ይህም የበላይነት ዘላለማዊ አልሆነም። ሚኖልታ ከኮኒካ ጋራ ተዋሕዶ ከቆየ በኋላ በ2006 ከካሜራ ሥራ ወጥቶ ሀብቱን ለሶኒ አስተላለፈ። በኤሌክትሪክ ዕቃው እንጂ በባለሙያ ካሜራ ብዙ ስም ያልነበረው ሶኒ፣ መስታወት በሌላቸው ካሜራዎች ቀድሞ ስለ ተገኘ፣ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው ታላቅ የዜና ድርጅት በ2020 ለፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሁሉ የሶኒን ካሜራ እንደሚያድል አስታወቀ። ትናንት "እርሱ ደግሞ ካሜራ ይሠራል ወይ?" ተብሎ የተናቀው ዛሬ ከፊት ተቀመጠ።

ከላይ አንድ ስም፣ ከውስጥ ሌላ

ስለ ምልክቱ ወንድሙን የሚያስቀይም ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመው ሌላም ታሪክ አለ። ካነን የተባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በ1933 በቶኪዮ በአንዲት ትንሽ የምርምር ቤት ነው። የመጀመሪያ ሙከራውን በቡድሃ እምነት የምሕረት አምላክ በምትባለው በካኖን ስም "ክዋኖን" ብሎት ነበር፤ ኋላ "ካነን" ወደሚለው ለወጠው። በ1936 ለገበያ ባወጣው ሃንሳ ካነን በተባለው ካሜራ ላይ የነበረው ሌንስ ግን የራሱ አልነበረም፤ ዛሬ ኒኮን የሚባለው የኒፖን ኮጋኩ ፋብሪካ የሠራው ኒኮር ሌንስ ነበር። ዛሬ ወገን ለይተው የሚከራከሩባቸው ሁለቱ ስሞች በመጀመሪያ በአንድ ካሜራ ላይ አብረው ነበሩ ማለት ነው።

በዲጂታሉም ዘመን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ሥዕል የሚለውጠውን ሴንሰር ብንመለከት፣ በብዙ የኒኮን ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ሶኒ የሠራው ነው። እንዲሁም ላይካና ፓናሶኒክ ባደረጉት ስምምነት፣ በፓናሶኒክ የተሠሩ አንዳንድ ትንንሽ ካሜራዎች በሁለት ስም ይሸጡ ነበር፤ አንደኛው በፓናሶኒክ ስም፣ ሁለተኛው የላይካ ቀይ ነጥብ ተደርጎበትና በመልኩ ጥቂት ተለውጦ ከፍ ባለ ዋጋ። የዋስትናው ጊዜና አብሮት የሚሰጠው ፕሮግራም መለያየቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሌንሱና ሴንሰሩ አንድ ስለ ነበሩ የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል የነጥቢቱ ዋጋ ነበር።

ይህን ስንል ላይካን ለመንቀፍ አይደለም። በቬትስላር የሚሠራው ኤም የተባለው ካሜራ የራሱ የሆነ አሠራርና ጥንቃቄ ያለው ነው፤ በ2022 የወጣው ኤም 11 በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ 8,995 ዶላር ያለ ሌንስ ይሸጥ ነበር፤ ያን አሠራር ዐውቆና ፈልጎ የሚገዛ ባለሙያ ሞኝ አይባልም። የሚያሳዝነው በአንገቱ ላይ እንዲታይለት ብቻ የሚገዛው ነው፤ ይልቁንም ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለሥራው ማስፋፊያ የሚሆነውን ገንዘብ በዚህ ያጠፋ እንደ ሆነ ነው።

ታማኝነት ማንን አዳነ?

ደንበኛ ለምልክቱ ታማኝ ሲሆን ምልክቱም ለደንበኛው ታማኝ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው የኮዳክን ፍጻሜ ይመልከት። ከኮዳክ የበለጠ በሕዝብ የተወደደ የፎቶግራፍ ስም አልነበረም። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ያለ ፊልም የሚሠራውን የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ትርፉ ሁሉ ከፊልም ስለ ነበረ ወደ አዲሱ መንገድ በሙሉ ልቡ አልገባም። በጥር ወር 2012 ዕዳውን መክፈል ተስኖት የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ። የኮዳክ ፍቅር ያን ጊዜም በሰው ልብ ነበረ፤ ፍቅሩ ግን ፋብሪካውን አላዳነም።

በዚያን ጊዜ የታየው የደንበኞች ፍቅር ግን የሚደነቅ ነው። ኮዳክ ከ1935 ጀምሮ ሲሸጠው የኖረውን ኮዳክሮም የተባለውን የቀለም ፊልም በ2009 መሥራት ባቆመ ጊዜ፣ ፊልሙን የሚያጥብ በዓለም አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ ነው። ይህ ቤት በ2010 መጨረሻ ሥራውን ሊያቆም ሲል ሰዎች ከሩቅ አገር በፖስታ ላኩ፤ አንዳንዶቹም ለዓመታት በመሳቢያ ያኖሩትን ፊልም ይዘው ራሳቸው መጡ። በፊልሞቹ ላይ የነበረው የወላጆቻቸውና የልጆቻቸው መልክ ነበርና።

ፖላሮይድም በ2008 በቅጽበት የሚወጣውን ፊልሙን ሊያቆም ባለ ጊዜ፣ ጥቂት ወዳጆቹ በሆላንድ አገር በኤንስኬዴ የቀረውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያ ገዝተው በ2010 አዲስ ፊልም ማውጣት ጀመሩ። እዚህ ላይ የደንበኞች ታማኝነት በእርግጥ አንድ ሥራ ከመቃብር አስነሥቷል።

በሌላ በኩል "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የሚለው ምሳሌ በካሜራ ገበያ ላይ በሌላ አኳኋን ሲፈጸም እናያለን። በ1756 በቪየና የተመሠረተው የፎይክትሌንደር ስም ከ1999 ጀምሮ በጃፓን ኮሲና የተባለ ኩባንያ በሚሠራቸው ሌንሶች ላይ ይታተማል። ሌንሶቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የቀድሞዎቹ ሠራተኞችም ሆኑ የቀድሞው ፋብሪካ የሉም። የኮዳክንም ስም ሌሎች ኩባንያዎች በፈቃድ ወስደው በርካሽ ካሜራዎች ላይ ያደርጉታል። ስለዚህ ገዢው "አባቴ የሚያምነው ስም ነው" ብሎ ከመግዛቱ በፊት፣ ዛሬ በዚያ ስም የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የካሜራ ገበያውም ራሱ ጠብቧል። በ2010 በዓለም ገበያ ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ከጃፓን ኩባንያዎች ወጥተው ነበር፤ በ2023 ግን ቍጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ሆነ። የቀረውን ሥራ የእጅ ስልክ ወሰደው። ታዲያ የካሜራ ወዳጆች ቍጥር ሲያንስ የምልክት ፍቅር አልቀነሰም፤ ይልቁንም በስልኮቹ ምልክት ላይ ያው ክርክር እንደ ገና ተጀምሯል።

በአልበማችን ጀርባ ያለው ስም

አገራችን በዚህ ነገር የምታስተምረው ነገር አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረውን አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጅያንን፣ ከእርሱም በኋላ ይህንኑ ሥራ የያዙትን ልጆቹን ሃይጋዝንና ቶኒን የታሪክ ሰዎች ያስታውሷቸዋል። ያነሷቸውን የነገሥታትና የመኳንንት ሥዕሎች የሚመለከት ሰው ግርማውን፣ የካባውን ጥልፍ፣ የፊቱን አኳኋን ያደንቃል እንጂ "በምን ካሜራ ተነሣ?" ብሎ አይጠይቅም።

በየቤታችንም ያለውን የቆየ አልበም ገልጠን ብንመለከት የምናገኘው ይህንኑ ነው። አያቶቻችን በሰርጋቸው ቀን የተነሡትን ፎቶግራፍ ብንገለብጠው፣ ማኅተም ካለበት በጀርባው የታተመው የፎቶ ቤቱ ስም ነው፤ የካሜራው ስም የለም። በዚያ ዘመን ቤተሰቡ ታማኝ የነበረው ለፎቶ ቤቱ ነው። አንድ ጊዜ በሰርግ ያነሣን ሰው ልጅ ሲወለድ ለክርስትናው፣ ልጁም ትምህርቱን ሲጨርስ ለምረቃው ይጠራ ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት ሰውየው ብርሃኑን ስለሚያውቅ፣ ሕፃኑን ሳያስለቅስ ስለሚያስቀምጥ፣ በቀጠረው ቀን ሥዕሉን ስለሚያስረክብና ኔጋቲቩን በክብር ስለሚያኖር ነው። እነዚህ አራቱ በማናቸውም ሱቅ ከካሜራ ጋራ አይሸጡም።

ልጁ "ካሜራ ግዙልኝ" ሲል

እንግዲህ ወደ ቤተሰቡ ጥያቄ እንመለስ። ልጃችሁ ወይም ልጃችሁ የሆነች ወጣት ፎቶግራፍን ሙያ አድርጎ ሊይዝ ቢፈልግና የአንድ ምልክት ስም ቢጠራላችሁ፣ ስሙን ከመውደድም ከመንቀፍም አስቀድሞ እነዚህን ነገሮች አብራችሁ ብትመረምሩ መልካም ይመስለናል።

መጀመሪያ፣ ካሜራው የሚሠራበትን ቦታ አስቡ። በጧፍና በትንሽ መብራት በሚታይ ቦታ የሚያነሣና በሜዳ የሚሮጥ ሯጭን የሚያነሣ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይፈልጉም።

ሁለተኛ፣ የሚያስተምረውና አብሮት የሚሠራው ሰው በምን እንደሚሠራ ይጠየቅ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሌንስ ውድ በሆነበት አገር ከባልንጀራ መዋስ ትልቅ ሀብት ነውና። አምስት ባልንጀሮቹ ካነን ቢይዙ፣ እርሱ ብቻውን በዝና የሚበልጥ ሌላ ምልክት መያዙ ብቸኛ ያደርገዋል እንጂ አያስከብረውም።

ሦስተኛ፣ ሲበላሽ የሚጠግነውና ባትሪውን የሚሸጥ በአቅራቢያ መኖሩ ይረጋገጥ። መልካም ስም ያለው ነገር ግን ጠጋኝ የሌለው ካሜራ በሰርጉ ዋዜማ ቢቆም ስሙ አይረዳም።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ሁሉ በካሜራው ላይ አይለቅ። አገልግሎ የተሸጠ መካከለኛ ካሜራ ከመልካም ሌንስ ጋራ፣ አዲስና ውድ ከሆነ ካሜራ ከደካማ ሌንስ ጋራ ይሻላል። ከተረፈውም ለትምህርቱና ሥዕሎቹ በሁለት ቦታ ለሚቀመጡበት ዕቃ ይዋል።

አምስተኛ፣ ወጣቱ አስቀድሞ በተገኘው መሣሪያ፣ በእጅ ስልክም ቢሆን፣ ለጥቂት ወራት ይፈተን። በየዕለቱ የሚያነሣና ያነሣውን የሚመረምር ከሆነ ለሙያው ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ካሜራው እስኪገዛ ድረስ አንድም ሥዕል ያላነሣ ከሆነ ግን የወደደው ስሙን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱን ምልክት መርጦ ለብዙ ዘመን ቢጸናበት፣ ያ ታማኝነት እንደ ቁም ጸሐፊው መቃ በሥራ የተገኘ ይሆናልና ልንነቅፈው አይገባንም። እጁ ከመሣሪያው ጋራ ይለማመዳል፤ ሐሳቡም ከመሣሪያው ወጥቶ ወደሚያነሣው ሰው ይዞራል። የፎቶግራፍ አንሺ ዋና ታማኝነት የሚገባው በፊቱ ለቆመው ሰው ነው፤ መልኩን አሳምኖ ሰጥቶታልና።

እኛም የቤት ሰዎች በበኩላችን የምናደርገው አለ። ሥዕሎቻችን በስልክ ውስጥ ተከማችተው ስልኩ ሲጠፋ አብረው እንዳይጠፉ፣ ከመካከላቸው የተመረጡትን እናሳትም፤ በአልበምም እናኑራቸው። ስናኖራቸውም በእያንዳንዱ ጀርባ የተነሡትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ እንጻፍ። ከአርባ ዓመት በኋላ ያን አልበም የሚገልጥ የልጅ ልጅ ሊያውቀው የሚፈልገው ስም እርሱ ነው።